ግድብ ለበላው የዱር እንስሳ መሬት ምትክ መግዛትና መያዝ፦ የኮሎምቢያ ወንዝ ጉዳይ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሲያትል ምናምን፣ ማለትም ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች መብራት በሚደርሳቸው ከተሞች የምትኖሩ ሰዎች በየወሩ ከምትከፍሉት የመብራት ሂሳብ ውስጥ ትንሽ ሳንቲም ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን አይነት ነው) እና ለዳክዬ መሬት መግዣ እንደሚሄድ ብዙዎቻችሁ አታውቁም፣ ስለዚህ ሰው የሚጠይቃቸውን ነገሮች እዚህ ሰብሰብ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ግድብ የሚጎዳው አሳ አይደል እንዴ? የዱር እንስሳው ምን ሆነ?

ሰው ግድብ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ሳልመን ነው፣ ወደ ላይ መውጣት አቃተው፣ ምናምን። እሱ ልክ ነው። ግን ውሃው ሲተኛ ደረቁን መሬትም ይውጠዋል፣ የሚውጠው ደግሞ ጫፍ ያለውን ድንጋያማ መሬት ሳይሆን ታች ሸለቆ ውስጥ ያለውን ለሙን፣ ወንዝ ዳር ዛፍ ያለበትን ነው። እዛ አካባቢ በበረዶ ወራት ተራራው ላይ የሚበላ ነገር ስለማይገኝ ኤልኩም አጋዘኑም ወደ ሸለቆ ወርዶ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቁልቁለት ላይ ነው ወራቱን የሚያሳልፈው፣ ስለዚህ ሸለቆው ከተዋጠ በጋ ላይ ያለው የተራራ ግጦሽ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ዋጋ የለውም፣ የእንስሳውን ብዛት የሚወስነው የክፉ ቀን ቦታው ነውና።

አይዳሆ ውስጥ ክሊርወተር ወንዝ ሰሜናዊ ገባር ላይ ያለው ድዎርሻክ ግድብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1973 ያለቀ፣ 219 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከኋላው ወደ 86 ኪሎሜትር የሚረዝም ሃይቅ የፈጠረ ግድብ ነው፣ የዋጠውም በትክክል ይሄንን የኤልክ የበረዶ ወራት ማሳለፊያ ነው። ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ውስጥ ራሱ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ያለው ግራንድ ኩሊ ግድብ ደግሞ ከሱ በጣም ይበልጣል፣ ሃይቁ 240 ኪሎሜትር አካባቢ ነው።

ታዲያ ግድቦቹ ሲሰሩ ለምን አልተከፈለም?

ያኔ ማን ይጠይቃል። ግራንድ ኩሊ በ1933 ተጀምሮ በ1941 መብራት መስጠት ሲጀምር ጥያቄው ስራ አጡን እንዴት እናሰማራ፣ ከዛ ደግሞ ለጦርነቱ አሉሚኒየም እንዴት እናምርት ነበር። በሺ የሚቆጠሩ ዓመታት አሳ ያጠመዱበት የኬትል ፏፏቴ ውሃ ውስጥ ሲገባ የኮልቪልና የስፖኬን ነባር ህዝቦች በ1940 ተሰብስበው አልቅሰው ነው የተሰናበቱት፣ ለሰው እንኳን በቅጡ ያልታሰበ ለቆቅና ለአጋዘን ይታሰባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ነገሩ የተቀየረው በ1980 መጨረሻ ላይ ኮንግረስ የሰሜን ምዕራብ የኤሌክትሪክ ሃይል ህግን ሲያወጣ ነው። ህጉ በኮሎምቢያ ወንዝና ገባሮቹ ላይ ያሉ የመብራት ግድቦች አሳውንም የዱር እንስሳውንም ስለጎዱ ጉዳቱ ይካካስ አለ፣ ከዋሽንግተን፣ ከኦሪገን፣ ከአይዳሆና ከሞንታና ሁለት ሁለት ሰው፣ በድምሩ 8 አባላት ያሉት ካውንስልም አቋቋመ። የዱር እንስሳው ጉዳይ ግን እዛም ላይ ዘግይቶ ነው የገባው፣ ኪሳራው በየግድቡ ተጠንቶ ካውንስሉ ዝርዝር ደንብ ያወጣው በ1989 ነው። ማለትም ግራንድ ኩሊ መብራት መስጠት ከጀመረ ከ48 ዓመት በኋላ።

ገንዘቡን ማን ነው የሚከፍለው? የታክስ ከፋዩ ነው?

አይደለም። ቦንቪል ፓወር አድሚኒስትሬሽን የሚባል በ1937 የተቋቋመ የፌደራል መስሪያ ቤት አለ፣ የ31 የፌደራል ግድቦችን መብራት የሚሸጠው እሱ ነው፣ ወጪውንም የሚሸፍነው ከዛው ሽያጭ ነው። እንደ ሲያትል ሲቲ ላይት ያሉ የከተማ መብራት ድርጅቶች ከቦንቪል ይገዛሉ፣ ከዛ ለናንተ ይሸጣሉ፣ ስለዚህ በመጨረሻ የሚከፍለው አምፖል የሚያበራው ሰው ነው። እኔ በግሌ ይሄ ክፍል ይመቸኛል፣ ከግድቡ የተጠቀመው ነው የግድቡን እዳ የሚከፍለው።

ዱር እንስሳው ከጠቅላላው የማካካሻ ገንዘብ ብዙ አይደርሰውም። ካውንስሉ ሲከተለው የኖረው ክፍፍል 70 ፐርሰንት ወደ ባህር ሄደው ለሚመለሱ አሳዎች፣ 15 ፐርሰንት እዛው ለሚኖሩ አሳዎች፣ 15 ፐርሰንት ለዱር እንስሳት ነው።

ኪሳራው እንዴት ተለካ? አጋዘን ቆጥረው ነው?

አይ፣ እንስሳ አይቆጠርም፣ የእንስሳ ቁጥር በበረዶ፣ በበሽታ፣ በአደን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ አይያዝም። የሚለካው መኖሪያው ነው። የአሜሪካ የአሳና የዱር እንስሳት አገልግሎት ያወጣው ዘዴ አለ፣ መጀመሪያ ለቦታው የሚወክሉ እንስሳት ይመረጣሉ፣ ለምሳሌ አጋዘን፣ የካናዳ ዝይ፣ ሚንክ የሚባል ውሃ ዳር የሚኖር ትንሽ አውሬ፣ ቢጫ ዋርብለር የምትባል ትንሽ ወፍ፣ ከዛ መሬቱ ለያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚመች ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ በስፋቱ ሲባዛ የመኖሪያ ዩኒት ይባላል። 100 ኤከር መሬት ለአጋዘን 0.6 ካገኘ 60 ዩኒት ነው ማለት ነው። (አንድ ሄክታር ሁለት ኤከር ተኩል አካባቢ ነው፣ እንዳትምታቱ።)

እዚህ ጋ ሰው የሚደናገረው አንድ ነገር አለ፣ አንዱ ኤከር ለዝይም ለዋርብለርም ለሚንክም ለየብቻ ስለሚቆጠር የዩኒቱ ድምር ከኤከሩ ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ይሄን ያህል ሺ ዩኒት ጠፋ ሲላችሁ ይሄን ያህል ሺ ኤከር ማለት እንዳይመስላችሁ። ዘዴው ብዙ ትችት አለበት፣ ነጥብ ሰጪው ሰው ሲቀየር ውጤቱ ይቀየራል፣ ያልተመረጠ እንስሳ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል፣ እንቁራሪት የሚያስታውሳት የለም። ግን ከ40 ዓመት በፊት ውሃ ስር የገባ ቦታን በድሮ የአየር ፎቶ ብቻ ለመገመት ሲሞከር ከዚህ የተሻለ ነገር በእጅ አልነበረም።

አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ የሚባለው ክርክር ምንድነው?

ትልቁ ጭቅጭቅ ይሄ ነው። ቦንቪል 500 ዩኒት ያለው መሬት ገዝቶ ከልማት ከጠበቀ 500 ዩኒት ከእዳዬ ይቀነስልኝ ይላል። የክፍለ ሀገራቱ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤቶችና ነባር ህዝቦቹ ደግሞ ቆይ እንጂ ይላሉ፣ ያ መሬት እኮ ድሮም ነበረ፣ እንስሳው ድሮም ይኖርበት ነበር፣ አንተ ስለገዛኸው አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ሁለት በሬ ያለውን ገበሬ አንዱን በሬ ገድለህበት የቀረውን በሬ በረት አጥብቄልሃለሁና ተካክሰናል እንደማለት ነው። በዚህ ምክንያት ካውንስሉ በ2000 ፕሮግራሙ ላይ ለቀሪው እዳ ለአንድ ዩኒት ሁለት ዩኒት ይሁን አለ፣ ቦንቪል ግን ለአንዱ አንድ በሚለው ነው የፀናው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለት ለአንዱ ወደ እውነቱ ይጠጋል፣ ግን ደግሞ መሬቱ ባይገዛ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውም መታየት አለበት። ለቤት መስሪያ ሊሸነሸን የነበረ ወንዝ ዳር መሬትና ማንም የማይፈልገው ገደል እኩል መቆጠር የለባቸውም፣ ዩኒቱ ግን ይሄን አያይም።

መሬቱ በግድ ነው የሚወሰደው?

በፍፁም። መሸጥ ከሚፈልግ ባለቤት ብቻ ነው የሚገዛው፣ ብዙ ጊዜ ልጆቹ ከተማ የገቡበት ሽማግሌ ራንቸር (ከብት አርቢ) ወይም የእንጨት ድርጅት ነው ሻጩ። ገለልተኛ ገማች ዋጋውን ያወጣል፣ የድንበርና የባለቤትነት ወረቀቱ ይጣራል፣ አፈሩ ውስጥ የተቀበረ ዘይት ወይም የእርሻ መርዝ እንዳለ ይታያል፣ የውሃ መብቱ አብሮ መሸጥ አለመሸጡ ይጠየቃል (ይሄን የዘነጋ ሰው ረግረጉን ገዝቶ ውሃውን ያጣል)። ሂደቱ ረጅም ስለሆነ ሻጩ ሰልችቶት ለሌላ የሚሸጥበት ጊዜም አለ።

ሙሉ ግዢ ብቻም አይደለም። ኢዝመንት የሚባል አለ፣ ባለቤቱ መሬቱን እንደያዘ ይቀጥላል ግን እዚህ ላይ ቤት አልሰራም፣ አልከፋፍልም የሚለውን መብቱን ይሸጣል፣ እሱም ከመሬቱ ጋር ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ገዢ ይተላለፋል። ይረክሳል፣ ግን ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር ውሉን አላነበብኩትም የሚል ጎረቤት ማስተናገድ አለ።

ከተገዛ በኋላ የማን ይሆናል?

ቦንቪል ራሱ መሬት ይዞ መቀመጥ አይፈልግም። ገንዘቡን ይሰጣል፣ መሬቱ በክፍለ ሀገሩ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት፣ በነባር ህዝቦች ትራይብ ወይም በአንዳንድ ቦታ የመሬት ጥበቃ ድርጅት ስም ይሆናል፣ ቦንቪል በበኩሉ መሬቱ ለሌላ አላማ እንዳይውል የሚያስር ውል ያስመዘግባል።

ለትራይቦቹ ይሄ ነገር ከዩኒት ቆጠራ ያለፈ ትርጉም አለው። ኔዝ ፐርስ የሚባሉት ህዝቦች በ1877 በጦር ከዋሎዋ አገራቸው፣ ከኦሪገን ሰሜን ምስራቅ ጥግ፣ ተባረው ነበር፣ አለቃ ጆሴፍም አገሩ ተመልሶ እንዲኖር ሳይፈቀድለት ነው የሞተው። በ1990ዎቹ በዚህ የግድብ ማካካሻ ገንዘብ እዛው አካባቢ፣ ጆሴፍ ክሪክ ሸለቆ ውስጥ፣ ከ10,000 ኤከር በላይ መሬት ገዝተው አሁን ራሳቸው ያስተዳድሩታል። በርንስ ፓዩት ትራይብ ሎጋን ቫሊን፣ ዋርም ስፕሪንግስ ትራይቦች ጆን ዴይ ወንዝ አካባቢ ያለውን ፓይን ክሪክን በዚሁ መንገድ አግኝተዋል። የተቀሙትን መሬት በገበያ ዋጋ መልሶ መግዛት ምን አይነት ፍትህ ነው የሚል ካለ እኔም መልስ የለኝም፣ ግን መሬቱ እጃቸው ገብቷል።

ገዝቶ አጥር ማጠር ነው በቃ? ምን ማስተዳደር አለው?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ግዢው የአንድ ቀን ፊርማ ነው፣ ማስተዳደሩ ግን ግድቡ እስካለ ድረስ ነው፣ ፎቶ የሚነሳው ግን ለፊርማው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የማስተዳደሪያ እቅድ ይወጣል፣ ከዛ ስራው ይጀመራል፣ ከስራው ውስጥ ደግሞ ትልቁ አረም ነው። መቶ ዓመት ከብት የበላው መሬት ሲገዛ ከብቱን ማውጣት ብቻውን ድሮ የነበረውን ሳር አይመልስም፣ ባዶውን ቦታ ቀድሞ የሚይዘው መጤ አረም ነው። ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማው ስታርትስል አለ፣ ናፕዊድ አለ፣ ከሁሉም የከፋው ቺትግራስ የሚባለው ሳር ነው፣ ምክንያቱም እሱ ቀድሞ በቅሎ ቀድሞ ይደርቅና በበጋ እንደ ክብሪት ይሆናል፣ ይቃጠላል፣ ከእሳቱ በኋላ ደግሞ አገር በቀሉን ቁጥቋጦ ቀድሞ ራሱ ተመልሶ ይበቅላል፣ እንዲህ እያለ በየእሳቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይሄን ለመስበር በመድሃኒት መርጨት፣ ነባሩን ሳር ዘር ገዝቶ መዝራት፣ ዝናብ ካልጣለ እንደገና መዝራት ነው።

እሳቱ ቀልድ አይደለም። ለድዎርሻክ ማካካሻ ተብሎ በ1992 የተገዛው መሬት ሉዊስተን አጠገብ ክሬግ ማውንቴን የሚባለው ቦታ ላይ ነው፣ ወደ 60,000 ኤከር (24,000 ሄክታር አካባቢ)፣ በ2021 በጋ መብረቅ ያስነሳው እሳት በዛው ተራራ ላይ ከ100,000 ኤከር በላይ በላ። ሳሩ ቶሎ ይመለሳል፣ ጫካው ግን ዕድሜ ይፈልጋል፣ እና የዛን ዓመት የአረም በጀት ለአጥር ጥገና ሲዞር ማየት ያናድዳል።

አጥሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጎረቤት ከብት እንዳይገባ መታጠር አለበት፣ ግን አጋዘን እንዲዘለው ከላይ ዝቅ ማለት፣ ግልገሉ ስር እንዲሾልክ ታች ሽቦው ከፍ ማለት አለበት። የድሮውን የተበጣጠሰ እሾሃማ ሽቦ ለቅሞ ማውጣትም አለ፣ በኪሎሜትር የሚቆጠር። ረግረግ ቦታ ከሆነ ገበሬው ለማድረቅ የቆፈረውን ቦይ መድፈን፣ ውሃውን በበር መቆጣጠር፣ ዊሎውና ኮተንዉድ የሚባሉትን ወንዝ ዳር የሚበቅሉ ዛፎች መትከል፣ የተተከለውን ቢቨር (ዛፍ በጥርሱ የሚቆርጥ አውሬ ነው) እና አጋዘን እንዳይጨርሰው መከለል። አጋዘኑን ለማኖር ከአጋዘን መከለል፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ይሄን ሁሉ የሚሰሩት ብዙ ጊዜ በሺ ኤከር ላይ ሁለት ወይም ሶስት ሰዎች ናቸው፣ በጋ ላይ ጥቂት ጊዜያዊ ሰራተኛ ይጨመርላቸዋል። የግዢ ገንዘብ በጨመረ ቁጥር የማስተዳደሪያው እኩል አይጨምርም፣ የነዳጅና የደሞዝ ዋጋ ግን ይጨምራል፣ እኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ድክመት የምለው ይሄ ነው።

አደን ይፈቀዳል? ከብት ማሰማራትስ?

በክፍለ ሀገር ስር ያሉት በአብዛኛው ለአደንና ለእግር ጉዞ ክፍት ናቸው፣ አንዳንዱ በወቅት ይዘጋል፣ በተለይ በረዶ ወራት ላይ ኤልኩ እንዳይረበሽ። ትራይብ ያላቸው ላይ ደንቡ የትራይቡ ነው። ከብት በመርህ ደረጃ አይገባም፣ አልፎ አልፎ አረም ለመቀነስ ለተወሰነ ጊዜ የሚገባበት ሁኔታ አለ፣ እሱም ያከራክራል።

የአካባቢው ሰዎች ለምን ያጉረመርማሉ?

ታክስ። መሬቱ ከግል ወደ መንግስት ወይም ወደ ትራይብ ሲዞር ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) የንብረት ታክሱን ያጣል፣ ትንሽ ካውንቲ ከሆነ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ላይ ይታወቃል። አንዳንድ ቦታ በታክሱ ፋንታ ክፍያ ይከፈላል፣ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ሌላው ደግሞ አንድ ራንች በተሸጠ ቁጥር የከብት መኖ የሚሸጠው ሱቅ ደንበኛ ያጣል፣ ይሄ ቅሬታ ተራ ጥላቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። መብራቱ የሚሄደው ከተማ፣ መሬቱ የሚወጣው ከነሱ ነው።

ቦንቪል እስከ መቼ ነው የሚከፍለው?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በየዓመቱ በፕሮጀክት በፕሮጀክት መክፈል ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ ስምምነት ነው፣ በዚህ ግድብ ምክንያት ያለብኝን እዳ በዚህ ገንዘብ ዘጋሁ ይላል። ሞንታና ለሊቢና ለሃንግሪ ሆርስ ግድቦች በ1980ዎቹ መጨረሻ በትረስት ፈንድ (ተቀምጦ ወለዱ ለስራው የሚውል ገንዘብ) ተስማማች፣ አይዳሆና ኔዝ ፐርስ ለድዎርሻክ በ1992፣ ኦሪገን ደግሞ በዊላሜት ወንዝ ላይ ላሉት ግድቦች በ2010 ተፈራርማለች፣ ያኛው ከ16,000 ኤከር በላይ ተጨማሪ መሬት በ15 ዓመት ውስጥ የሚያስጠብቅ ነው።

ትረስት ፈንድ ጥሩ ጎኑ በየዓመቱ ልመና የለም፣ ወለዱ ይሰራል። መጥፎ ጎኑ ገበያው ሲወድቅ ወይም ዋጋ ሲንር አረሙ አይጠብቅም፣ እና ተመልሶ ቦንቪልን ጨምርልኝ ማለት አይቻልም፣ ፈርመሃላ።

ውሃ የዋጠው መሬት ከተተካ በኋላ እዳው አለቀ?

የዋጠው ብቻ አይደለም እኮ። ግድቡ በየቀኑ የሚሰራበት መንገድም ይጎዳል። ኮተንዉድ ዛፍ ዘሩ የሚበቅለው የፀደይ ጎርፍ መጥቶ አዲስ አሸዋ አንጥፎ ከዛ ቀስ እያለ ሲጎድል ነው፣ ግድቡ ያን ጎርፍ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ከግድቡ በታች ያሉት ትልልቅ ዛፎች አርጅተው ይሞታሉ፣ ምትክ አይበቅልም፣ ዛፉን ተማምነው የሚኖሩት ወፎችም አብረው ይሄዳሉ። የኩተናይ ትራይብ በሊቢ ግድብ የተነሳ ታች ያለው ወንዝ ላይ የደረሰውን እንዲህ አይነት ጉዳት ለመለካት ብዙ የሰራ ነው። አልቤኒ ፎልስ የሚባለው ግድብ ደግሞ የፔንድ ኦሬይ ሃይቅን በጋ ከፍ፣ በረዶ ወራት ዝቅ እያደረገ የክላርክ ፎርክ ወንዝ መግቢያ ላይ ያለውን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ያመጣው ደለል የሰራውን መሬት፣ ሲሸረሽረው ኖሯል፣ እዛ አሁን ዳርቻውን በድንጋይ እየያዙ ዊሎው እየተከሉ ነው። ይሄኛው እዳ በአብዛኛው ቦታ ገና ተለክቶ አላለቀም።

ማካካሻው ራሱ በሌላ ግድብ ቢዋጥስ?

ሆኗል፣ ሩቅ ሳንሄድ ናይል ላይ። ኡጋንዳ 250 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የቡጃጋሊ ግድብ ስትሰራ የተዋጠውን ፏፏቴና አካባቢውን ለማካካስ ከታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴ አካባቢ ለዘላለም ይጠበቃል ተብሎ በ2007 ከዓለም ባንክ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ቡጃጋሊ በ2012 ስራ ጀመረ። ከዛ ደግሞ ኢሲምባ የሚባል 183 ሜጋዋት ግድብ ተሰራ፣ በ2019 ተመረቀ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ከማካካሻው ቦታ የተወሰነውን ሸፈነው። ጥበቃው በመንግስት ቃል ላይ የቆመ ከሆነ መንግስት ሃሳቡን ሲቀይር ምን እንደሚመጣ ያሳያል። ኮሎምቢያ ላይ ከመሬቱ ጋር ተመዝግቦ የሚያስር ውል የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?

በግዢ አይቻልም። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161 (የ2019ኙ) ለልማት ለሚነሳ ሰው ካሳ እንዴት እንደሚከፈል ነው የሚደነግገው፣ ዱር እንስሳ ቀርቦ ካሳ አይጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 299 (የ2002ቱ) ደግሞ የአካባቢ ተፅእኖ ግምገማ ያስገድዳል፣ ስለዚህ በር ያለው በሱ በኩል ነው፣ ግድቡ ሲጠና የሚጠፋው መኖሪያ ተለክቶ ምትኩ አብሮ ይወሰን ማለት ይቻላል።

ምትኩ መሬት ከመግዛት ይልቅ ያለን ፓርክ በእውነት ማስተዳደር ሊሆን ይችላል። ኦሞ ተፋሰስ ውስጥ እንደ ጨበራ ጩርጩራ ያለ የዝሆን ፓርክ አለን፣ እዛው ወንዝ ላይ ደግሞ ግልገል ጊቤ ሶስትና ኮይሻ አሉ፣ ከመብራቱ ሽያጭ ትንሽ ፐርሰንት በህግ ተቆርጦ ለሬንጀር ደሞዝ፣ ለመኪናና ለነዳጅ ይሁን ቢባል መሬት ሳይሸጥም የኮሎምቢያው ሃሳብ ይሰራል። እዛ የሚኖረውንና የሚሰማራውን ህዝብ አስወጥቶ ግን አይደለም፣ ለግድብ አንዴ የተነሳን ሰው ለግድቡ ማካካሻ ደግሞ ማንሳት ነውር ነው።

ተራ ሰው ሂደቱን መከታተል ይችላል?

ኮሎምቢያ ላይ አዎ። የካውንስሉ ስብሰባ ክፍት ነው፣ ፕሮግራሙ ሲሻሻል የህዝብ አስተያየት ይቀበላሉ፣ በፅሁፍ መላክም ይቻላል፣ መብራት ከፋይ ነኝ ማለት በቂ መታወቂያ ነው። ቦታዎቹን ማየት ለምትፈልጉ ክሬግ ማውንቴን ለህዝብ ክፍት ነው፣ መንገዱ ግን ጠጠርና ቁልቁለት ስለሆነ ትንሽ መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቢጫ እሾሁም ጫማችሁ ላይ ተጣብቆ እንዳይዛመት ስትወጡ ጫማችሁን አራግፉ።